የባሌው ትልቁ ፍልፈል፦ ስርጭቱና መኖሪያው

ከሮቤ ተነስቶ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዝ ሰው ደጋውን ትቶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ቆላ ይወርዳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያቀና ግን አስቀድሞ ዳገቱን መውጣት አለበት፤ የሰኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይጠብቀዋል። ትልቁ ፍልፈል የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ታክዮሪክተስ ማክሮሴፋለስ የተባለውን ይህን እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የሚገኝበት ቦታ የለም፤ እዚያም ቢሆን ኑሮው ከ3,000 እስከ 4,150 ሜትር ባለው ከፍታ ተወስኗል። ገበሬው ከማሳው የሚያውቀው ተራው ፍልፈል መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከመሬት ሳይወጣ ሥር እየቆረጠ ይበላል። የባሌው ግን እስከ 930 ግራም ይመዝናል፤ ምግቡንም የሚሰበስበው ከመሬት በላይ ነው።

አበላሉን በቅርብ ላየው ሰው የስርጭቱ ምስጢር ይገለጥለታል። ጉድጓዱን የደፈነውን አፈር ገፍቶ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ብቻ ያወጣል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ተጠግተው ስለተቀመጡ ገላውን ሳያጋልጥ ዙሪያውን ይቃኛል። ከዚያ ግማሽ አካሉን አውጥቶ በአካባቢው ያለውን ሣር በጥርሱ እየነቀለ ይሰበስባል፤ ኋሊት እየሄደም ወደ ጉድጓዱ ይጎትተዋል። በደጁ ያለው ሣር ሲያልቅ ሌላ በር ይከፍታል። እንዲህ ያለ ኑሮ ጥልቅና ለስላሳ አፈር፣ ከበሩም አጠገብ የማይጠፋ ለምለም ሣር ይፈልጋል። በወብ ሸለቆና በሰኔቲ ረግረጋማ ዳርቻዎች የጉድጓዶቹ ቁጥር የሚበዛው፣ ድንጋያማ በሆነው ተዳፋት ደግሞ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጅብራ የቆመበት ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ፍልፈሉ ግን ክንድ በክንድ ይመርጠዋል።

ብቻውንም አይበላም። አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አጠገቡ ቆማ ከተገላበጠው አፈር የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ አይታ ስትበር እሱም ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

አደጋው በዋናነት ቀይ ቀበሮ ነው። በአካባቢው በተደረገ ጥናት ከቀበሮው አደን 96 ከመቶው የአይጥ ዘሮች መሆናቸው ታውቋል፤ በመጠን ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይኸው ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ መኖራቸው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ቀበሮው ብዙ ይጻፋል፣ ፎቶውም ይሰቀላል፤ ከሥሩ ያለውን አፈር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

የሰው ልጅም ይህን እንስሳ የቀመሰው ዱሮ ነው። እዚያው ባሌ ተራሮች ላይ ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ዋና ሥጋቸው ትልቁ ፍልፈል እንደነበረ የተቃጠሉት አጥንቶች መስክረዋል፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በዚያ ዘመን ከላይ ያለው ተራራ በረዶ የተሸከመ ነበር።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፍልፈሉ ግን አሁንም ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። በፓርኩ ውስጥ ሰፈራና ከብት በዝቷል፤ ኮቴ አፈሩን ይጠቀጥቃል፣ ግጦሽም ደጁ ላይ ያለውን ሣር ይሻማዋል። በእኔ እምነት የጥበቃው መለኪያ የቀበሮ ቆጠራ ብቻ መሆን የለበትም፤ የጉድጓድ ቆጠራና የአፈር ልኬትም ሊጨመሩበት ይገባል።

ሌላው ስጋት ሙቀት ነው። አየሩ በሞቀ ቁጥር ተስማሚው ቦታ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ተራራው ግን ያልቃል። ከፍልፈሉ የላይኛው ድንበር እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ፣ የቀረው 227 ሜትር ብቻ ነው። እሱም አብዛኛው ቀይ ድንጋይ ነው።