ድልድል

ድልድል፦ «ደለደለ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው። ጎርባጣ መሬትን ማስተካከል፣ ሲሰፋም ያለውን ነገር ለየባለድርሻው መመደብ። የሠራተኛ ድልድል እንላለን፤ የውኃ ድልድልም እንላለን።

በይፋት ቆላ ቃሉ የዕለት ጉዳይ ነው። የጀውሃና የሮቢ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ወርደው ወደ አዋሽ ሲያቀኑ በመንገዳቸው ሽንኩርቱንና ሌላውን የመስኖ ሰብል ያጠጣሉ። በብዙ የአማራ ባህላዊ መስኖዎች ተራ የሚያስከብረው «የውኃ አባት» ነው።

በሕጉስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ቅድሚያውን ለቤት ውስጥ ፍጆታ ይሰጣል። ለባህላዊ መስኖና ለውኃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠየቅም። ለአነስተኛ ገበሬ ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የትንንሾቹ ቦዮች ድምር በፈቃድ መዝገብ ላይ አይታይም።

በወንዙ የሚኖረው የዓሣው ድርሻስ? ከአዋጁ ቀድሞ የወጣው የውኃ ፖሊሲ ከሰውና ከከብት መሠረታዊ ፍላጎት ጋር ለተፈጥሮ አካባቢ የሚጠበቀውን ውኃም ከድልድል ሁሉ አስቀድሟል። ቀድሞ የሚቀመጥ እንጂ ተርፎ የሚሰጥ አይደለም ማለት ነው።

ምክንያቱ ጣና ሐይቅ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሐይቁ ብቻ ከሚገኙት የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አስጋሪውን ይቆጣጠር ይሆናል፤ ወንዙ ከተቋረጠ ግን መረብ መቆጣጠር ብቻ ዓሣን አያተርፍም።

ስለዚህ «የውኃ ድልድል» የሚል ሰነድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው በበጋ ወንዙ ውስጥ በሰከንድ ስንት ሊትር ይቀራል የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ከሌለበት የተመዘገበው ድልድል ሳይሆን ሽሚያ ነው።