ከፈረንጅ አገር ብርድ ወደ ወለጋ፦ ለእረፍት የሚመጡ ቤተሰቦች ስለ ወባ ማወቅ ያለባቸው

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ በሚበረታባቸው በታኅሣሥና በጥር ወራት እኛ ጋ በጋ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ፈረንጆች ከብርዱ ሸሽተው ለቅንጡ የሳፋሪ ሽርሽር ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ይጓዛሉ። ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶና ከኦስሎ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ገናን፣ ጥምቀትን ወይም የጥር ሠርግን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ወደ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ ይመጣሉ።

ሁለቱም የሚጓዙት ወባ ወዳለበት አካባቢ ነው። ዝግጅታቸው ግን ለየቅል ነው። ለሳፋሪ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ክትባትና ስለ ወባ መከላከያ ክኒን አስጎብኚው አስቀድሞ ይነግረዋል፤ በሚያድርበት ሎጅም አልጋው አጎበር አለው። ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣው ግን «አገሬ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ሐኪም ሳያማክር ይነሳል። በበለጸጉት አገሮች ከውጭ ተይዘው ከሚመለሱ የወባ ሕሙማን መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዙትም ዘመድ ለመጠየቅ የተጓዙ ሰዎች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ለተጓዦቹም ሆነ ለሚቀበሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው።

በወለጋ ወባ ምን ያህል አሳሳቢ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገበው የኦሮሚያ ክልል ሲሆን፣ ምዕራቡ የክልሉ ክፍል ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ስለዚህ ለገና የሚመጣ እንግዳ የሚደርሰው በዚህ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው። «በጋ ስለሆነ ወባ የለም» ማለት ስህተት ነው።

ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ከፍ ባሉ ቦታዎችም ሊከሰት ስለሚችል ለተጓዦች የሚሰጠው ምክር እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ያለውን ይሸፍናል። አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ወባ አይተላለፍም። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለች ወይና ደጋ ስለሆነች የሌሊቱ ብርድ ሰውን ያዘናጋል። ነገር ግን ጉዞው ነቀምቴ ላይ አያበቃም። ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው የዴዴሳን ሸለቆ ይሻገራል፤ ይህ ሸለቆ ሞቃታማ ቆላ ነው። ባኮ፣ ጊምቢና ደምቢ ዶሎም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። ጎሽና ጉማሬ ለማየት በቄለም ወለጋ ወደሚገኘው የዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ፣ ወይም ወደ ጋምቤላና ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰውም የሚያድረው ወባማ ቦታ ላይ ነው።

«እዚያ ተወልጄ አድጌ፣ ወባ ምን ያደርገኛል?»

ይህን ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው በተደጋጋሚ ስለሚያዝ በጊዜ ብዛት ከፊል መከላከያ ያዳብራል። ይህ መከላከያ ሰውየው አካባቢውን ለቆ ሲኖር እየደከመ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሊተማመንበት አይችልም። በደጋ ያደገ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ይህ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። ከአዲስ አበባ ለሠርግ የሚሄድ ሰውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው፦

• በውጭ አገር የተወለዱ ልጆች፦ ምንም ዓይነት መከላከያ የላቸውም፤ በሽታውም በፍጥነት ይጸናባቸዋል።
• ነፍሰ ጡሮች፦ ወባ ለከባድ ደም ማነስ፣ ለውርጃና ያለጊዜው ለመውለድ ሊዳርግ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ጉዞውን ከወሊድ በኋላ ማድረግ ይመረጣል።
• አረጋውያን፣ እንዲሁም የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው።
• ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ።

ከጉዞ በፊት፦ የመከላከያ ክኒን

ከመነሳትዎ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። የሚያድሩባቸውን ከተሞችና ገጠሮች ሁሉ ይንገሩት። «ወደ ኢትዮጵያ እሄዳለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። አዲስ አበባ ብቻ የሚቆይ ሰው ክኒን አያስፈልገውም፤ ጊምቢ የሚያድር ግን ያስፈልገዋል። በብዛት የሚታዘዙት ሦስት ናቸው።

• አቶቫኮን-ፕሮጓኒል፦ በየቀኑ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ከመድረስዎ ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ይጀመርና ከወባማው አካባቢ ከወጡ በኋላ ለ7 ቀናት ይቀጥላል። ለነፍሰ ጡሮች አይመከርም።
• ዶክሲሳይክሊን፦ በየቀኑ ይወሰዳል። ከመድረስዎ ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ለ4 ሳምንታት ይቀጥላል። በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ወዲያው መተኛት አይገባም። ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይሰጥም።
• ሜፍሎኪን፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለ4 ሳምንታት ይቀጥላል። የሚጥል በሽታ፣ ድብርት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ለነበረበት ሰው አይሆንም።

የልጆች መጠን በክብደት ስለሚወሰን የአዋቂውን ክኒን ገምሶ መስጠት አደገኛ ነው። ዘመዶች የሚያስታውሱት ክሎሮኪን በአካባቢያችን ፋልሲፓረም የተባለውን ገዳይ የወባ ዓይነት ስለማይመክት ለመከላከያ አያገለግልም። መድኃኒቱን ሙሉ መጠኑን ከሚኖሩበት አገር ይዘው ይምጡ። እዚህ ደርሶ መፈለግ አስተማማኝ አይደለም።

ብዙ ሰው ክኒኑን የሚያቋርጠው ቤቱ እንደተመለሰ ነው። ጥገኛ ተሕዋሱ በመጨረሻው ሌሊት ሊገባ ስለሚችል የመመለሻውን ክኒን መጨረስ የግድ ነው።

ቢጫ ወባ የሚባለው ሌላ በሽታ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን የወባ ክኒን አይከላከለውም። ክትባት ስላለው፣ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲጓዙ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ስለመከተብ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ነፍሰ ጡሮች፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና የሰውነት መከላከያቸው የተዳከመ ሰዎች ልዩ ምክር ያስፈልጋቸዋል።

ቤተሰቡ ምን ማድረግ ይችላል?

የወባ ትንኝ የምትናደፈው ከመሸ በኋላና ሌሊት ነው። በእረፍት ጊዜ ደግሞ ሰው ከዳስ ሥር የሚጫወተው፣ ቡናም ደጅ ላይ የሚጠጣው በዚሁ ሰዓት ነው።

• እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይስቀሉላቸው፤ ያልተቀደደ መሆኑን ይዩ፤ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ። ልጆች ከአያታቸው ጋር መሬት ላይ ቢተኙም አጎበሩ አይቅር።
• ሲመሽ ረጅም እጅጌ፣ ሱሪና ካልሲ ይልበሱ።
• ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ ዲት ያለበትን የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። ከሁለት ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይቀባም፤ ለእነርሱ አጎበር ይበቃል።
• በግቢው የተጠራቀመ ውሃ ካለ ያፍስሱ ወይም ይድፈኑ።

ነጭ ሽንኩርት መብላት፣ አረቄ መጠጣት ወይም ቤቱን ማጨስ ከወባ አያድንም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ የተለመዱት ናቸው። በልጆች ላይ ተቅማጥ፣ መነጫነጭ ወይም ምግብ እምቢ ማለት ብቻ ሊታይ ይችላል። ፋልሲፓረም በትንኟ ከተነደፉ ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ምልክት ያሳያል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። የመከላከያ ክኒኑን በትክክል በወሰደ ሰው ላይም ይህ ሊሆን ይችላል።

ወለጋ እያሉ ትኩሳት ቢይዝዎት

በዚያው ቀን ይመርመሩ። ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች የወባ ምርመራ ያደርጋሉ። ነቀምቴ ላይ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት ወይም የጤና ተቋማትን ሥራ የሚያስተጓጉልበት ጊዜ ስላለ፣ ወደ ገጠር ከመውጣትዎ በፊት በቅርብ የሚሠራው የጤና ተቋም የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

«ታይፎይድ ነው» ተብሎ ለታይፎይድ ብቻ መታከም የተለመደ መዘናጊያ ነው። የታይፎይድ የደም ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ ቢሆንም ወባ የለም ማለት አይደለም። የወባ ምርመራ መደረጉን ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ውጤት ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ ምርመራው ይደገም።

ፋልሲፓረም ከተገኘ በብዛት የሚሰጠው ኮአርተም ነው፤ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል። በሁለተኛው ቀን ቢሻልዎትም አያቋርጡ፤ የተረፈውንም ለሌላ ሰው አያካፍሉ። ለቫይቫክስ ከሚሰጡት አንዱ ፕሪማኪን ነው፤ በጉበት የተደበቀውን ያጠፋል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም እጥረት እንዳለብዎ ከተነገረዎት ከመውሰድዎ በፊት ለባለሙያው ያሳውቁ።

ወደ ብርዱ አገር ከተመለሱ በኋላ

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የሚመለሱት ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በበረታበት ወቅት ነው። ትኩሳትና የሰውነት ሕመም ሲጀምርዎት እርስዎም፣ ጎረቤትም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም «ኢንፍሉዌንዛ ነው» ይላል። ወባን ብዙ ጊዜ የማያይ ሐኪም ስለ ጉዞዎ ካልሰማ ላያስበው ይችላል። ፋልሲፓረም ደግሞ ሕክምና ሳያገኝ ሲቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ትኩሳት ከያዝዎት ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱና ሳይጠየቁ እንዲህ ይበሉ፦ «ከኢትዮጵያ፣ ወባ ካለበት አካባቢ ተመልሻለሁ፤ የወባ የደም ምርመራ ይደረግልኝ።» የተመለሱበትን ቀንና የወሰዱትን ክኒን ይንገሩ። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ቢሆንም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት እንዲደገም ይጠይቁ።

ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄዱ ምልክቶች

• መዘባረቅ፣ ከባድ ድብታ ወይም ራስን መሳት
• የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ
• የትንፋሽ ማጠር
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም ማነስ
• ክኒንም ውሃም የማያስቀምጥ ተደጋጋሚ ማስታወክ
• ከባድ ድካምና መገርጣት
• ሕፃን መጥባት ማቆሙ ወይም ልጅ አልነቃ ማለቱ

እነዚህ ከታዩ ሕሙሙ በክኒን ብቻ ቤት መቆየት የለበትም። በደም ሥር የሚሰጥ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪምን ምርመራ የሚተካ አይደለም። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ወይም የፋርማሲ ባለሙያዎን ያማክሩ።