የዓይነት ጥቅም፦ ድርጅትዎ የገዛልዎት ሳይክል

ደባርቅ ላይ አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት ያለው ሰው ከቤቱ ወደ ቢሮው የሚመላለስበት ሳይክል መግዛት ፈለገ እንበል። ገንዘቡን ከኪሱ ያውጣ ወይስ ከድርጅቱ ሒሳብ? ቀድሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ግን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ገዢውም ሻጩን የሚያነጋግረውም ሳይክሉን የሚነዳውም ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ሰውየውንና ድርጅቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

ጥያቄው የሚፈታው በግብር ባለሙያዎች ዘንድ «ፍሪንጅ ቤኔፊት» በሚባለው ነገር ነው። በአማርኛ «የዓይነት ጥቅም» እንበለው። ቀጣሪ ለሠራተኛው ከደመወዙ በተጨማሪ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዕቃ ወይም በአገልግሎት የሚሰጠው ነገር ነው፦ የሚኖርበት ቤት፣ የሚነዳው መኪና፣ በአነስተኛ ወለድ የሚሰጠው ብድር። «በገንዘብ ወይም በዓይነት» የሚለውን አነጋገር ከእድር መዋጮ ጀምሮ ሁሉም ስለሚያውቀው ቃሉ አያደናግርም። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የምናነበው «ጥቅማ ጥቅም» ግን የገንዘብ አበልንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም። እዚህ በገንዘብና በዓይነት መካከል ያለው ድንበር ግብሩን ይለውጠዋልና።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የዓይነት ጥቅምን ከመቀጠር ከሚገኝ ገቢ ይቆጥረዋል። የድርጅት ሥራ አስኪያጅንም እንደ ተቀጣሪ ያያል። ስለዚህ የድርጅቱ ባለቤት ሥራ አስኪያጅም ከሆነ፣ ድርጅቱ ለግል መመላለሻው የገዛለት ሳይክል ደመወዙ ላይ የተጨመረ ገቢ ተደርጎ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ድርጅቱ ከከፈለ ሁሉም ነገር ወጪ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ከድርጅቱ ትርፍ ላይ የተቀነሰው ብር በራሱ ገቢ በኩል ዞሮ እንደሚመጣ አያስተውልም።

ከድርጅቱ በኩል ያለውን ደግሞ እንይ። ሕጉ የሚቀንሰው ገቢውን ለማግኘትና ንግዱን ለማስቀጠል የግድ የወጣን ወጪ ነው። ለግል ፍጆታ የዋለ ወጪ አይቀነስም። ሳይክል ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚያገለግል ዋጋው በተገዛበት ዓመት በሙሉ አይቀነስም፤ በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ ይነሣል። ደንብ ቁጥር 410/2009 እንዲህ ላሉ ሌሎች ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ያስቀመጠው መጣኔ በቀጥተኛው ዘዴ 15 በመቶ፣ በሚቀንሰው ሒሳብ ዘዴ 20 በመቶ ነው። ሳይክሉ 40,000 ብር ቢያወጣና ሙሉ በሙሉ ለሥራ ቢውል፣ በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 6,000 ብር ከትርፉ ይቀነሳል። የድርጅት ትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ ግብሩ በዓመት 1,800 ብር ይቀልላል። የአገልግሎቱ ግማሽ የግል ከሆነ ቅናሹም በዚያው ልክ ወደ 3,000 ይወርዳል፣ የግብር ቅነሳው 900 ብር ይሆናል። ይህን ለማግኘት ብሎ ማኅበር ማቋቋም ፈጽሞ አያዋጣም። ድርጅት ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ስለሆነ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ብቻ ከዚህ ይበልጣል። ማኅበሩ ቀድሞውኑ ላለው ሰው ግን ገንዘቡ ገንዘብ ነው፤ በተለይ በስሜን ተራሮች የእንግዳ ቁጥር በቀነሰበት በዚህ ዘመን።

እንግዲህ ወሳኙ ጉዞው ነው። ጠዋት ከቤት ቢሮ፣ ማታ ከቢሮ ቤት መመላለስ በብዙ አገር የግብር አሠራር የግል ጉዞ ነው። ከቢሮ ተነሥቶ የእንግዶችን የመግቢያ ክፍያ ለመፈጸም ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት መሄድ፣ ባንክ መድረስ፣ ከበቅሎ አከራዮች ጋር መዋዋል፣ ሆቴል ያረፉ እንግዶችን ማግኘት ግን ሥራ ነው። ደባርቅ ውስጥ የአንድ አስጎብኚ ቀን በአብዛኛው እንዲህ ባሉ አጫጭር ምልልሶች የተሞላ ነው። በጎረቤት ከተማ በዳባት ላለ ነጋዴም ያው ነው፤ ዕቃ ለማድረስ፣ ደንበኛ ለመጎብኘት የሚሄድባቸው መንገዶች ሳይክሉን የድርጅት ያሰኙታል። ስለዚህ ማን ወዴት ለምን እንደሄደ የሚያሳይ አነስተኛ የጉዞ መዝገብ መያዝ ደግ ነው። ደረሰኙም በድርጅቱ ስምና በቲን ቁጥሩ መቆረጥ አለበት። ድርጅቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ፣ ሲገዛ የከፈለውን 15 በመቶ ከሚሰበስበው ላይ ለማቀናነስም ያው ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ከገበያ ያለ ደረሰኝ የተገዛ አሮጌ ሳይክል በመዝገብ ላይ የሚቆምበት እግር የለውም። ከዳገትና ከጠጠር መንገድ የተነሣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ከመነዳሪና ፍሬንም ቢሆን በደረሰኝ ይገዛ፤ የጥገና ወጪ ነው።

ለመመላለስ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ግን የተሻለ መንገድ አለ እላለሁ፤ የማጓጓዣ አበል። አዋጁ በሥራ ውል መሠረት በመጓጓዣ ፋንታ የሚሰጥን አበል በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነጻ ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ከድርጅቱ ጋር የጽሑፍ ውል ካለውና ደመወዙ በፔሮል የሚከፈል ከሆነ፣ አበሉን በየወሩ እያጠራቀመ ሳይክሉን በራሱ ስም ይገዛል። የሥራና የግል ጉዞ እያሉ መከፋፈል ይቀራል፣ ሳይክሉም የራሱ ነው። በግል ስሙ ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ራሱን መቅጠር ስለማይችል ይህ መንገድ አይከፈትለትም፤ የሒሳብ መዝገብ ከያዘ ለእርሱ ያለው ለንግዱ በዋለው ድርሻ ልክ የሚሰላው የእርጅና ቅናሽ ብቻ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ነጻ መውጫ አቃለውታል። ቀጣሪ ለሠራተኛው በዋናነት ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ሳይክል ቢያውሰው የዓይነት ጥቅም ግብር አይከፈልበትም፤ አነስተኛ ኩባንያ ያለው ሰውም ለራሱ ሊጠቀምበት ይችላል። በእኛ አዋጅ 979ም ሆነ በደንብ 410 ሳይክል በስሙ ተጠርቶ ነጻ የወጣበት ቦታ የለም። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ ሰው በእግርና በብስክሌት እንዲሄድ ትሻለች። እንዲህ ከሆነ የሳይክል መመላለሻን ከዓይነት ጥቅም ግብር ማውጣት ለመንግሥት የሚያሳጣው ገቢ እጅግ ትንሽ ነው፣ መደረግም አለበት ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳ ከተማ ሳይክል ራሱን ይሸጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉት በዳባትና በደባርቅ ዳገት ግን ገዢውን የሚያበረታታ ነገር ያስፈልጋል።

እስከዚያው፣ ሳይክሉን በድርጅቱ ስም የገዛ ሰው አንድ ነገር ይያዝ፦ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሳይክሉ ሲሸጥ ዋጋው የድርጅቱ ገቢ ነው። ባለቤቱ ራሱ ሊያስቀረው ከፈለገም በገበያ ዋጋ ገዝቶ ክፍያውን በድርጅቱ ሒሳብ ማስገባትና የሽያጩን ሰነድ መያዝ አለበት።