የሸማው ጥለትና የሽማግሌዎቹ ሳር

እስቲ ከሽሮ ሜዳ እንነሳ። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለጥምቀት የአገር ልብስ ፍለጋ እዚያ ወጥታችሁ ከሆነ፣ ሸማውን የሠራው እጅ ብዙ ጊዜ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጣ እጅ ነው። ልብሱን "ባህላችን" ብለን እየኮራንበት "ሸማኔ" የሚለውን ቃል ግን ለረጅም ዘመን ስድብ አድርገነው ኖረናል። ይኼ ራሱን የቻለ ጉድ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን።

የዛሬው ጉዳዬ ቀለም ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ሲቀመጥ ለማን እንደሚሠራ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ለምትስመው ጥለቱ ላይ መስቀል ያወጣላታል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለሚፈልገው እሱን፤ ለኢሬቻ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ ለሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ይሠራለታል። ለአገሩ ሰው ሲሆን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ አለ። እኛ የምንጣላባቸው ቀለሞች በአንድ መወርወሪያ ያልፋሉ ማለት ነው።

ታዲያ ትርጉሙ የት ነው ያለው? ክሩ ውስጥ እንዳልሆነ የራሳችን ነጠላ ይመሰክራል። ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ዘቅዝቀው ሲለብሱት ብቻ ሠፈሩ ሁሉ "ማን ሞተባት?" ይላል። ሕንድ ውስጥ ነጭ በብዙ ቦታ የሐዘን ልብስ ነው። በአውሮፓ ደግሞ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ነጭ ለብሳ ከተዳረች በኋላ ነጭ ቬሎ እየተለመደ ሄደ። ጋናም እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ የእኛን ሦስት ቀለም ወሰደች፤ ትርጉሙን ግን ለራሷ አወጣች። ቢጫው እዚያ የወርቅና የማዕድን ሀብት ነው።

ዱንጉዛም ትርጉም አላጣም። ቀዩን ከጀግንነትና ከደም፣ ቢጫውን ከተስፋ ጋር የሚያያይዙ አሉ። ቲሸርት የሚያትመውም፣ ሎጎ የሚሠራውም ይህችን ዝርዝር ይፈልጋታል፤ ለደንበኛው "ይኼ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ለማስረዳት ትመቸዋለች።

እዚህ ላይ ዶርዜ የኖረ አንድ ፈረንሳዊ ትዝ ይለኛል። ዳን ስፐርበር ይባላል። እዚያ ካየው ተነስቶ ስለ ምልክት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ፣ በዓመቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ታተመ። ሹመት የተቀበሉ የዶርዜ ሰዎች አናታቸው ላይ ቅቤ ተቆልሎ ያያል። "ምን ማለት ነው?" የሚለው ጥያቄ ግን ሩቅ አላስኬደውም፤ ዶርዜዎች ለሥርዓታቸው ፍቺ መደርደር ልማዳቸው አልነበረም። ወጉ ነው፣ አለቀ።

ሌላም አለ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ይጾማል ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ ግን ከብታቸውን ከነብር መጠበቅ አይተዉም። ስፐርበር ከዚህ ሁሉ የደረሰበት ነገር፣ ምልክት እንደ መዝገበ ቃላት ቃል "ይኼ ማለት ያ ነው" ተብሎ የሚፈታ አይደለም የሚል ነው።

ይህን ያነበበ ሰው "ምሁር ሲፈላሰፍ" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔም አልፌው ነበር፣ መስከረም 2011 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ።

በዚያ አዲስ ዓመት መባቻ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች በባንዲራ ቀለም ተጋጩ፤ የመንገዱ ጠርዝ በየትኛው ቀለም ይቀባ በሚል። በዚያው ሰሞን ቡራዩና አካባቢው ላይ ሰው ተገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ከተገደሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ለሁሉም ቀለም የሚሸምነው ሕዝብ፣ ቀለም ባጣላቸው ሰሞን ሞተ።

ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቱ ደሙ ፈልቶ፣ ለበቀል ወጣ። የጋሞ አባቶች መንገዱ ላይ ቀድመው ተገኙ። ፖሊስ አላስቀደሙም፣ ድምፅ ማጉያም አልያዙም። እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጎሜ ነው፣ መዘዝ የሚያመጣ ጥሰት። ወጣቱ ተመለሰ።

ሳሩ "ሰላም ማለት ነው" ብለን ብንጽፍ ትክክል ነን፤ ግን ምንም አልተናገርንም። የሰላም ምልክት የሆነ ነገር ዓለም ላይ ሞልቷል፤ ርግቡም ነጩ ባንዲራም አለ። አርባ ምንጭ መሐል ርግብ የተሳለበት ሰሌዳ ቢተከል ያን ቀን ማን ይቆም ነበር? ሳሩ ያስቆመው፣ እነዚያ ልጆች አባቶቻቸው ሳር ሲይዙ አያቶቻቸው ሲታዘዙለት እያዩና እየሰሙ ስላደጉ ነው። ምልክት እንደ ዕቁብ ነው፤ ያልጣለ አይበላም።

ለዚህ ነው ባህላዊ ምልክትን ከነትርጉሙ በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ የሚሸጥ ነገር ሳይ ቅር የሚለኝ። ዱንጉዛን ኮት ላይ፣ ቦርሳ ላይ፣ የስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ላይ አድርጉት፤ ሸማኔው ይጠቀማል፣ እሰየው ነው። ሳሩን ግን ማርማ ብናደርገው፣ በየስብሰባው ፎቶ መነሻ ብናደርገው፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ሲይዘው ወጣቱ "ይኼ ማስታወቂያ ነው" ብሎ እንዳይረግጠው እፈራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እርጥብ ሳር የጋሞ ብቻ አይደለም። ኦሮሞው ኢሬቻ ላይ ለምስጋና ይይዘዋል። አማራው ለዓውደ ዓመትና ለቡና ቄጠማ ይጎዘጉዛል። ትርጉሙ አንድ ነው አልልም፣ አይደለምም። ነገር ግን በባንዲራ ቀለም የተጋደልን ሰዎች ሁላችንም ቤት የሚገኝ፣ እስካሁን ማንም ያልተጣላበት አረንጓዴ እንዳለን ማወቁ አይከፋም።

ቸር እንሰንብት።