ጥልቅ ልዕለ ቅዝቃዜ

የዛፍ እንጨት አብዛኛው ክፍል ሙት ነው። ውኃ የሚያወጡት ቱቦዎች እንኳ ሥራ የሚጀምሩት ከሞቱ በኋላ ነው። በመካከላቸው ግን ከቅርፊቱ ወደ ግንዱ እምብርት የተዘረጉ ሕያዋን ሕዋሳት አሉ፤ የጨረር ሕዋሳት ይባላሉ። ብርዱ ሲያልፍ ለሚወጣው ቡቃያ ስንቅ የሚሆነውን ስታርችና ስኳር የሚያከማቹት እነሱ ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲደርስ የቱቦዎቹ ውኃ በረዶ ሆኗል። አጠገባቸው ባለው ሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን፣ በአፕል፣ በኦክና በሌሎች ብዙ ዛፎች፣ ውኃው አሁንም ፈሳሽ ነው። ተመራማሪዎች ይህን «ዲፕ ሱፐርኩሊንግ» ይሉታል፤ በአማርኛ «ጥልቅ ልዕለ ቅዝቃዜ» እንበለው። «ልዕለ» ውኃው በረዶ ከሚሆንበት ልክ አልፎ መቀዝቀዙን ይናገራል። «ጥልቅ» ደግሞ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከሚያልፈው ተራ ልዕለ ቅዝቃዜ ይለየዋል።

በረዶ ለመጀመር አብዛኛውን ጊዜ መነሻ ቅንጣት ይፈልጋል። የጨረር ሕዋስ ግድግዳ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በውጭ የተሠራውን በረዶ አያስገባም፤ የውስጡንም ውኃ በቀላሉ አያስወጣም። በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ካትሱራ በተባለው ዛፍ እንጨት ውስጥ የበረዶን አጀማመር የሚያዘገዩ የፍላቮኖል ውህዶች አግኝተው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

የሕዋሱ ውኃ ፈሳሽ ሆኖ መቆየቱ የሚታወቀው በሙቀት መለኪያ መሆኑ ይደንቀኛል። ውኃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። ቀንበጥ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ የሙቀት ብልጭታ ይታያል፤ የቱቦዎቹ ነው። ከዚያ ረጅም ጸጥታ ይሆንና ወደ −40 አካባቢ ሁለተኛ፣ ትንሽ ብልጭታ ይመጣል። ያኔ በረዶው በሕያዋኑ ሕዋሳት ውስጥ ተሠርቷል፤ ሕዋሳቱ ሞተዋል፤ እንጨቱም ውሎ አድሮ ይጠቁራል። ንጹሕ ውኃ ያለ ምንም ቅንጣት በራሱ በረዶ የሚሆነው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ዛፉ ይህን ወሰን ብዙም መግፋት አይችልም። የሚኒሶታ ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የእነዚህ ዛፎች የሰሜን ድንበር ብርዱ −40 ከሚደርስበት መስመር ጋር ይቀራረባል።

በርች፣ አኻያና ፖፕላር ሌላ መንገድ አላቸው። ሕዋሳቸው ውኃውን ወደ ውጭ ይለቃል፤ በረዶው በውጭ ይሠራል፤ ሕዋሱ ተኮማትሮ ይቆያል። አኪራ ሳካይ በ1960 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ አስቀድሞ በዝግታ እንዲቀዘቅዙ የተደረጉ ቀንበጦች −196 ዲግሪ ባለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ተነክረው ተርፈዋል። ኦክ ከሚያቆምበት አልፈው ወደ ሰሜን የሚዘልቁትም እንዲህ ያሉት ዛፎች ናቸው።