ቅዱስ ሳቫ ካቴድራል (ኒው ዮርክ)

ቅዱስ ሳቫ ካቴድራል በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ምዕራብ 25ኛ ጎዳና የሚገኝ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕንጻው መጀመሪያ የተሠራው ለአንግሊካን ወገን ለሆነችው ለአሜሪካ ኤጲስቆፓል ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ስሙም «ትሪኒቲ ቻፕል» ነበር። ዛሬ የሚጠራበት ስም የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት የቅዱስ ሳቫ ነው።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በዎል ስትሪት አጠገብ ያለው የትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ምዕመናን ወደ ከተማው ሰሜናዊ ክፍል በመዛወራቸው፣ ለእነርሱ የሚቀርብ ጸሎት ቤት አስፈለገ። የዎል ስትሪቱን ቤተ ክርስቲያን የነደፈው አርክቴክት ሪቻርድ አፕጆን ይህንንም ነደፈ። ግንባታው ከ1850 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። ከጊዜ በኋላ አካባቢው የንግድ ሰፈር ሆኖ ምዕመናኑ ተመናመኑ፤ ሕንጻውም በ1942 እ.ኤ.አ. ለሰርቦች ተሸጠ። በ1944 እ.ኤ.አ. የኦርቶዶክስ አገልግሎት ተጀመረበት። በ1968 እ.ኤ.አ. በከተማዋ በቅርስነት ተመዘገበ።

የሕንጻው አሠራር

ሕንጻው በጎቲክ ሪቫይቫል ስልት ከቡናማ ድንጋይ የተሠራ ነው። ውስጡ ረጅም፣ ጠባብና ከፍ ያለ አንድ አዳራሽ ነው፤ በጎንና በጎን በአዕማድ የተከፈለ መተላለፊያ የለውም። ጣሪያው ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ማገሮቹ ከታች ይታዩ ነበር። በዚህ አሠራር ምዕመናን መንበሩን ከሩቅ ሆነው ያለ ግርዶሽ ያዩ ነበር። በሰርቢያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ግን መቅደሱ ከሕዝቡ በ«ኢኮኖስታሲስ»፣ ማለትም የቅዱሳን ሥዕላት በተደረደሩበት ግድግዳ ይለያል። ይህም በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ መጋረጃ የሚሰጠውን አገልግሎት ይመስላል። አዲሶቹ ባለቤቶች የአፕጆንን ሕንጻ አላፈረሱም፤ በመቅደሱ ፊት በእንጨት የተቀረጸ ኢኮኖስታሲስ አቆሙ። በዚህም የምዕራቡ ጎቲክ አዳራሽ ለምሥራቃዊ ቅዳሴ ዋለ።

የ2008 ዓ.ም. ቃጠሎ

ሚያዝያ 23 ቀን 2008 ዓ.ም. (ሜይ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.) ዕለቱ የትንሣኤ በዓል ነበር፤ በኢትዮጵያም ፋሲካ በዚያው ቀን ውሏል። ጠዋት ቅዳሴ ከተካሄደ በኋላ ምሽት ላይ እሳት ተነሣ። የሞተ ሰው አልነበረም። የእሳት አደጋ መርማሪዎች መንስኤው በደንብ ያልጠፉ ሻማዎች እንደሆኑና ድርጊቱ ሆን ተብሎ እንዳልተፈጸመ ገልጸዋል። እሳቱ የእንጨት ጣሪያውንና የውስጥ ክፍሉን አወደመ፤ የድንጋይ ግድግዳዎቹ ግን እንደቆሙ ቀሩ። መልሶ የመገንባቱም ሥራ በእነዚሁ ግድግዳዎች ላይ ተጀመረ።