ብረት የተሸከመች የእንጨት መርከብ

ታሪክ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ገድል ብቻ ሳይሆን፤ ሸክም ተሸክመው ዘመናቸውን የፈጸሙ መሣሪያዎችንም ዕድል ሊመዘግብ ይገባዋል ብለን እናምናለን። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ 36 ዓመት ስለ ሠራችው፤ አር. ጄ. ሃኬት ስለምትባለው የእንፋሎት መርከብ ጥቂት እንናገራለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሱፒርየር ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የብረት ማዕድን ከተገኘ በኋላ፤ በ1855 ሐይቁን ከታችኞቹ ሐይቆች ጋር የሚያገናኝ የመርከብ ቦይ ተከፈተ። ማዕድኑም በማርኬት ወደብ ከፍ ካለ መድረክ ላይ በአሸንዳ እየተንሸራተተ ወደ መርከቦች ሆድ ይወርድ ጀመር። ነገር ግን የሸራ መርከቦቹ ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ፤ ምሰሶአቸውና ገመዳቸው ጭነቱን ያውክ ነበር።

በ1869 በክሊቭላንድ ከተማ ኢላይሁ ፔክ የተባለው መርከብ ሠሪ ሃኬትን ሲሠራ፤ ሐሳቡን የጀመረው ከወደቡ ነው። መሪው የሚቆምበትን ክፍል ወደ ፊት፤ ማሞቂያውንና ሞተሩን ወደ ኋላ ወስዶ፤ መካከሉን በሙሉ ለጭነት ተወው። የጭነቱን መክፈቻዎችም ከአሸንዳዎቹ ጋር እንዲገጥሙ በየ24 ጫማው አደረጋቸው። በሚከተለው ዓመት ፎረስት ሲቲ የምትባል ተጎታች መርከብ ስለ ተሠራች፤ በአንድ ሞተር የሁለት መርከብ ጭነት ለማጓጓዝ ተቻለ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ። የእንጨት መርከብ ርዝመቱ በጨመረ ቍጥር ማዕበሉ ያጎብጠዋል፤ መጋጠሚያውም እየላላ ውሃ ያስገባል። ብረት ግን ይህን ይችላል። በ1882 ኦኖኮ የተባለችው የብረት መርከብ፤ የሃኬትን መልክ ይዛ በዚያው በክሊቭላንድ ተሠራች። እንግዲህ የእንጨት መርከቦች ዓመት ከዓመት ያመላለሱት ማዕድን እነርሱን ከሥራ የሚያስወጣው ነበር፤ ወራሻቸውን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው አመጡ ማለት ነው።

ሃኬት ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። ኅዳር ወር 1905 የድንጋይ ከሰል ጭና ወደ ማሪኔት ወደብ ስትጓዝ፤ ግሪን ቤይ በተባለው የሚሺጋን ሐይቅ ሰላጤ ውስጥ እሳት ተነሣባት። በዌልባክ ደለል ላይም እስከ ውሃው ልክ ድረስ ነደደች። በውስጧ የነበሩት 13 ሠራተኞች ሁሉ በሕይወት ተረፉ።

የሃኬት እንጨት ተቃጠለ፤ መልኳ ግን አልተቃጠለም። መሪው ከፊት፤ ሞተሩ ከኋላ፤ ጭነቱ ከመካከል የሆነው አሠራር ከእርሷ በኋላ በብረትና በአረብ ብረት እየተደገመ መቶ ዓመት ያህል በሐይቆቹ ላይ ቆየ። ሥራውን በሚገባ መርምሮ የተሠራ ነገር፤ አካሉ ቢያልፍም ሥርዓቱ ለተከታዮቹ ይተርፋል እንላለን።